በ18 ወር የደከመው የታወር ባትሪ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምከታተለው የሞባይል ታወር ላይ መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠፋል። አንዳንዴ 6 ሰዓት ይቆያል። ባትሪዎቹ የታሸጉ ሊድ አሲድ ናቸው። ባለ 12 ቮልት 150 አምፔር ሰዓት፣ 16 ፍሬ፣ በአራት ረድፍ የተያያዙ። የሳይቱ ሎድ (ዕቃዎቹ የሚበሉት ኃይል) 2 ኪሎዋት ገደማ ነው። ሲተከሉ 8 ሰዓት ይይዛሉ ተብዬ ነበር። 18 ወር ሳይሞላቸው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መያዝ አቃታቸው። ሌላ ረድፍ ልጨምር? ወደ ሊቲየም ልቀይር? ወይስ ጄኔሬተሩን ላሳድገው?»

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ለእርስዎ ሳይት ሊቲየም ይሻላል። ግን ሌላ ምንም ሳይነኩ ባትሪውን ብቻ ቢቀይሩ ያው ችግር ዞሮ ይመጣል። ከጻፉልኝ ስነሳ፣ ባትሪዎን የገደለው መብራቱ 6 ሰዓት መጥፋቱ አይመስለኝም። መብራቱ በመጣ ጊዜ ባትሪው ጠግቦ አያውቅም። ሁላችንም ባትሪ ስንገዛ «ስንት ሰዓት ይይዛል?» እንላለን። «ለመሙላትስ ስንት ሰዓት ይፈልጋል? ያን ያህል ሰዓት መብራት ይኖራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

መጀመሪያ የሻጩን ቃል እንፈትሽ። እያንዳንዱ ረድፍ አራት ባትሪ በተከታታይ ይዞ 48 ቮልት ይሆናል፤ አራቱ ረድፎች አንድ ላይ 600 አምፔር ሰዓት ይሆናሉ። በ48 ቮልት ሲባዛ 28.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 2 ኪሎዋት ሎድ ለ8 ሰዓት የሚፈልገው 16 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከባትሪው አቅም 55 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ስለዚህ አዲሱ ባትሪ 8 ሰዓት ይይዛል ያለዎት ሰው አልተሳሳተም። አሁን የሚያገኙት ግን 3 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ከአሥር እጅ አንዱ ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውድቀት በዕድሜ ብቻ አይመጣም።

አሁን የመሙያውን ሒሳብ እንሥራ። መብራት 6 ሰዓት ሲጠፋ ከባትሪው 12 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። በ48 ቮልት 250 አምፔር ሰዓት ነው። ሊድ አሲድ የሰጠውን ያህል ብቻ ቢመልሱለት አይሞላም። ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ 280 አምፔር ሰዓት መመለስ አለበት።

ይህን የሚመልሰው ሬክቲፋየሩ፣ ማለትም የመብራቱን ኤሲ ወደ ዲሲ ቀይሮ ሎዱንና ባትሪውን የሚመግበው ዕቃ ነው። ስንት ሞጁል እንዳለዎት አልጻፉልኝም። አነስተኛ ሳይቶች ላይ ደጋግሜ የማየው ሁለት ባለ 2 ኪሎዋት ሞጁል ነው። በዚያ እንሂድ። በድምሩ 4 ኪሎዋት ነው። መብራት ሲመጣ ሎዱ 2ቱን ቀድሞ ይወስዳል። ለባትሪው የሚተርፈው 2 ኪሎዋት ነው። በ54 ቮልት 37 አምፔር ይሆናል። 280ን ለ37 ሲያካፍሉት ሰባት ሰዓት ተኩል ይመጣል። ይህም ባትሪው የተሰጠውን ሁሉ እስከ መጨረሻው ከተቀበለ ነው። ሊድ አሲድ ደግሞ አይቀበልም። 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የመጨረሻዋን 20 በመቶ የሚሞላት እየተንቀራፈፈ ነው። በተግባር 10፣ 12 ሰዓት ይፈጃል።

በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚጠፋ መብራት ግን ይህን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ለአምስት ሰዓት ያህል መጥቶ ይሄዳል። ባትሪው ገና ሳይሞላ እንደገና ይታዘዛል። በማግስቱም እንዲሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ከግማሽ በታች ላይ እየዋለ ያድራል።

ለሊድ አሲድ ከዚህ የከፋ ኑሮ የለም። ባትሪው ሲሠራ ሳህኖቹ ላይ ሊድ ሰልፌት የሚባል ጨው ይፈጠራል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይሟሟል። ሳይሟሟ ከዋለ ካደረ ግን ክሪስታሉ እየፋፋ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢያደርጉት አይበገርም። የተሸፈነው የሳህን ክፍል ከሥራ ውጪ ይሆናል። ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እየተባለ አቅሙ ያልቃል። ቻርጅ ሲደረግ ቮልቴጁ ቶሎ ከፍ ስለሚል ሲስተሙን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር «ሞልቷል» ብሎ ያስባል። መብራት ሲጠፋ ግን ባትሪው ወዲያው ይወርዳል። የእርስዎ ሳይት ምልክት ይህን ይመስላል።

ሌላም አለ። ከሁለቱ ሞጁሎች አንዱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻውን 2 ኪሎዋቱን ስለሚሸከም መብራት እያለ ኔትወርኩ አይቋረጥም፣ ማንም አያማርርም። ለባትሪው ግን የሚተርፍ ምንም የለም። ካቢኔቱን ከፍተው የሞጁሎቹን ጠቋሚ መብራቶች ይዩ። አንዱ ቀይ ከሆነ የምርመራውን ግማሽ ጨርሰዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። የታሸገ ሊድ አሲድ ዕድሜው የሚነገረው በ25 ዲግሪ ነው፤ አንዳንዱ አምራች 20 ይላል። ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ 10 ዓመት የተባለ ባትሪ በ35 ዲግሪ 5 ዓመት፣ በ45 ዲግሪ ሁለት ዓመት ተኩል ይሆናል። ፀሐይ የሚመታው የብረት ካቢኔት ውስጥ 45 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ኤር ኮንዲሽነሩ ደግሞ የሚሠራው በመብራቱ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፣ ባትሪው እየሠራ ይሞቃል።

አንድ ሳይት ላይ የገጠመኝን ላንሳ። ካቢኔቱን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ነበር። የባትሪዎቹ ጎን ተነፍቶ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የኮንትሮለሩ ስክሪን «የባትሪ ሙቀት 25 ዲግሪ» ይላል። አንድም አላርም የለም። ሰርኩይት ብሬከሩን አጥፍተን፣ በሩን ከፍተን ራቅ ብለን ቆየን። ተመልሼ የባትሪውን ጎን በእጄ ጀርባ ስነካው ያቃጥላል። የሙቀት ሴንሰሩን ገመድ ፈልጌ አገኘሁት። ከነመጠቅለያ ፕላስቲኩ ካቢኔቱ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ተሰክቶ አያውቅም። ኮንትሮለሩ ሴንሰር ሲያጣ 25 ዲግሪ ነው ብሎ እንዲቆጥር ተደርጎ ነበር። አንዱን ባትሪ ከቦታው ለማውጣት ለሁለት ታገልን።

ያቺ ትንሽ ሴንሰር ምን እንደምትሠራ ልንገርዎት። ባትሪ ሲሞቅ የመሙያው ቮልቴጅ ዝቅ ማለት አለበት። በአንድ ሴል (ባትሪው ውስጥ ባለችው ባለ 2 ቮልት ክፍል)፣ ለአንድ ዲግሪ 3 ሚሊቮልት ገደማ። 48 ቮልት ሲስተም ውስጥ 24 ሴል አለ። ከ25 ወደ 45 ዲግሪ ሲወጣ የሚቀነሰው 1.4 ቮልት ገደማ ይሆናል። 54.0 የነበረው ወደ 52.6 መውረድ ነበረበት። ካልወረደ ባትሪው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ውሃውን ወደ ጋዝ ይቀይራል፣ ይበልጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ኮረንቲ ይስባል። ማቆሚያ የለውም። የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይፈነዳል። የእንቁላል ሽታ ያለው ጋዝ ደግሞ መርዝ ነው። እንዲህ ያለ ሽታ ከመጣብዎት ደፍረው አይግቡ። ቻርጁን ያቋርጡ፣ በሩን ይክፈቱ፣ ይራቁ።

ስለዚህ ምንም ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀን ሳይቱ ላይ ያሳልፉ። የሚያስፈልግዎት መልቲሜትር፣ ክላምፕ ሜትር (ገመዱን አቅፎ ኮረንቲ የሚለካ)፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። መብራት እያለ፣ ባትሪው ፍሎት (ሞልቶ የሚጠበቅበት ቮልቴጅ) ላይ እንዳለ፣ የ16ቱንም ባትሪ ቮልቴጅ አንድ በአንድ ይለኩ። የረድፉን ድምር ብቻ አይለኩ። ድምሩ ሁልጊዜ 54 ነው፣ ምክንያቱም 54 የሚያደርገው ሬክቲፋየሩ ነው። ደህና ረድፍ ላይ አራቱም 13.5 አካባቢ ይሆናሉ። አሁን አንዱ ረድፍ 14.1፣ 14.1፣ 14.1 እና 11.7 ቢያሳይዎትስ? ድምሩ ያው 54.0 ነው። 11.7 ያለው ባትሪ ውስጥ ግን ከስድስቱ ሴል አንዱ ሾርት አድርጓል። የቀሩት 23 ሴሎች የሱን ድርሻ ተከፋፍለው ከልክ በላይ እየተሞሉ ነው። ያ አንድ ባትሪ ሦስቱን ጓደኞቹን ይዟቸው እየሄደ ነው። ከሩቅ ሆኖ በድምር ቮልቴጅ ብቻ የሚከታተል ሰው ይህን በጭራሽ አያየውም።

እዚያው እያሉ የየረድፉን ኮረንቲ በክላምፕ ይለኩ። የየማሰሪያውን ብሎንም በተከለለ መሣሪያ ይሞክሩት። የላላ ብሎን ይሞቃል፣ ቮልቴጅ ይበላል፣ ረድፉን ከሌሎቹ ያስቀራል። ሎዱንም በምሽት፣ ሰው ስልክ በሚያበዛበት ሰዓት፣ እንደገና ይለኩት። «2 ኪሎዋት ገደማ» ያሉት ከተተከለበት ጊዜ የተወሰደ ቁጥር ከሆነ፣ በኋላ የተጨመሩ የሬዲዮ ዕቃዎች ከፍ አድርገውት ሊሆን ይችላል። ከኮንትሮለሩ ደግሞ ያለፈውን 30 ቀን የመብራት መጥፊያና መምጫ መዝገብ ያውርዱ። ከዚያ መዝገብ የምፈልገው አንድ ቁጥር ነው፦ በሁለት መጥፋቶች መካከል መብራት ብዙውን ጊዜ ስንት ሰዓት ይቆያል?

አቅሙን በትክክል ማወቅ ከፈለጉ ጄኔሬተሩን አዘጋጅተው መብራቱን ያቋርጡና ባትሪው ሲወርድ በየ15 ደቂቃው ይመዝግቡ። በሙያው የተለመደው መስፈርት ባትሪ ከተጻፈበት አቅም 80 በመቶ በታች ሲወርድ መቀየር ነው። የእርስዎ ከዚያ በጣም ወርዷል፤ ስለዚህ ፈተናው የሚጠቅመው ከአራቱ ረድፍ የሚተርፍ ካለ ለመለየት ብቻ ነው።

ወደ ምርጫዎቹ እንግባ።

ሌላ የሊድ አሲድ ረድፍ መጨመር አይሆንም። አዲሱ ረድፍ ከደከሙት ጋር ሲያያዝ ሥራውን ሁሉ እሱ ይሸከማል። የሚሞላው ግን ከዚያው ጠባብ ሬክቲፋየር ነው። አሮጌዎቹ የመሙያ ኮረንቲውን ይሻሙታል። በዓመቱ ከነሱ እኩል ያረጃል። በአንድ ረድፍ ውስጥ አንድ ባትሪ ብቻ በአዲስ መተካትም ያው ነው። ይህን ማድረግ የሚያዋጣው ረድፉ ገና ወራት ብቻ ከሆነው ነው።

ሊቲየም ስል ሊቲየም አይረን ፎስፌት ማለቴ ነው፤ ባጭሩ ኤል ኤፍ ፒ ይባላል። ለታወር ለምን እንደሚስማማ ልንገርዎት። በመጀመሪያ፣ ግማሽ ላይ መዋል አይጎዳውም። እንዲያውም ሁልጊዜ ጢም ብሎ ከመቀመጥ መሐል ላይ መሆን ይመቸዋል። ሁለተኛ፣ እስከ መጨረሻው አካባቢ ድረስ የሰጡትን ኮረንቲ ሳይንገራገር ይቀበላል። የሚባክነውም ትንሽ ነው። ሦስተኛ፣ የእርስዎ ሳይት በቀን አንድ ሙሉ ዙር (ወርዶ መልሶ መሙላት) ያህል ይሠራል። በዓመት ከ300 ዙር በላይ ማለት ነው። ለመጠባበቂያ የተሠራ ሊድ አሲድ በጥልቀት ሲሠራበት ዕድሜው በመቶዎች ዙር ነው የሚቆጠረው። ጥሩ ኤል ኤፍ ፒ ግን ከ3,000 ዙር በላይ ይሄዳል። መብራት በወር ሁለቴ የሚጠፋበት ሳይት ቢሆን ኖሮ ሊድ አሲድዎን በአዲስ ሊድ አሲድ ይተኩ እልዎት ነበር። ዋጋው ያነሰ ነው፣ ቆሞ መጠበቅም ይችላል። በየቀኑ ለሚሠራ ግን ገንዘቡን ማስላት ያለብዎት በግዢ ቀን ዋጋ ሳይሆን በዕድሜው በሚሰጥዎት ኪሎዋት ሰዓት ነው።

መጠኑን እናስላ። 16 ኪሎዋት ሰዓት ነው የምንፈልገው። ከአቅሙ 80 በመቶውን ብቻ እንዲሰጥ ካደረግነው 20 ይሆናል። በዕድሜው መጨረሻ አቅሙ 80 በመቶ ሲሆንም 8 ሰዓቱን እንዲሰጥ ከፈለግን 25 እንገዛለን። የተለመደው ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት ሞጁል 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አምስት ሞጁል 25.6 ይሰጣል። አሁን ያሉት 16 ባትሪዎች አንድ ላይ ወደ 800 ኪሎ ይመዝናሉ። አምስቱ ሞጁሎች ከ250 ኪሎ ብዙም አይርቁም።

ከዚህ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አምስት ሞጁል ገብቶ ሬክቲፋየሩ 4 ኪሎዋት ላይ ከቀረ፣ ለመሙላት የሚተርፈው አሁንም 2 ኪሎዋት ነው። 12 ኪሎዋት ሰዓት በ2 ኪሎዋት ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሊቲየም የሌለ ኮረንቲ አይፈጥርም። በሦስት ሰዓት እንዲሞላ ከፈለጉ ለባትሪ 4፣ ለሎድ 2፣ በድምሩ 6 ኪሎዋት ያስፈልጋል። አንድ የሬክቲፋየር ሞጁል ቢበላሽም እንዳይጎድል አራት ባለ 2 ኪሎዋት ያስገቡ። 4 ኪሎዋት በ54 ቮልት 74 አምፔር ነው። ለ500 አምፔር ሰዓት ኤል ኤፍ ፒ ይህ ቀላል ጭነት ነው። ከመብራት የሚገባውንም ይፈትሹ። 6 ኪሎዋት ለማውጣት በ230 ቮልት ነጠላ ፌዝ ከ27 አምፔር በላይ ይሳባል። ገመዱና ብሬከሩ ይችላሉ? ካልቻሉ የኮረንቲ ገደቡን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፣ መስመሩን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ያሳድጉ።

በጀትዎ ለአንዱ ብቻ ከበቃ? ሬክቲፋየሩን ያስቀድሙ። ከአራቱ ረድፍ ደህናውን አቆይተው በበቂ ሬክቲፋየር ቢያኖሩት፣ አምስት ሞጁል ሊቲየም በጠባብ ሬክቲፋየር ከማስራብ ይሻላል።

ስለ ቮልቴጅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቴሌኮም ዕቃ የሚሠራው በኔጋቲቭ 48 ቮልት ነው። ፖዘቲቩ ነው ከመሬት ጋር የሚያያዘው። ልማዱ ከድሮው የስልክ ዘመን የመጣ ነው፤ የመዳብ ገመድ በእርጥበት እንዳይበላ ነበር። ሶላር ላይ የሠራ ቴክኒሺያን ኔጋቲቩ መሬት ነው ብሎ እንዲነካካው አይፍቀዱለት። በአውሮፓው የቴሌኮም ደረጃ አውጪ በኢቲኤስአይ ደረጃ ዕቃዎቹ ከ40.5 እስከ 57 ቮልት ድረስ እንዲሠሩ ይጠበቃል። 16 ሴል ያለው ኤል ኤፍ ፒ በአንድ ሴል 3.6 ቮልት ቢሞላ 57.6 ይደርሳል። ከጣሪያው አለፈ ማለት ነው። ለዚህ ነው አንዳንዱ አምራች 15 ሴል የሚያደርገው፤ ያ በ54 ቮልት ይሞላል። 16 ሴል ከገዙ ደግሞ ከ57 በታች የሆነ፣ አምራቹ በጽሑፍ የሰጠዎትን ቮልቴጅ ያስገቡ። የድሮውን 54 እንዳለ ከተዉት ባትሪው ቀስ እያለ ይሞላል፤ ብዙዎቹ ላይ ግን ሴሎቹን እኩል የማድረጉ ሥራ አይጀምርም። ወር በገባ ቁጥር ሴሎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ።

ለሊድ አሲድ የተደረጉ ቅንብሮችን ሁሉ ያጥፉ። ያ ቅድም ያመሰገንኩት የሙቀት ማስተካከያ ለሊቲየም አያስፈልግም፣ ይዘጋ። በየወሩ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርገው የማመጣጠኛ ቻርጅም ይዘጋ። እሱ ተረስቶ አንድ ሌሊት ቢነሳ ሊቲየሙ ራሱን ለማዳን ይቆርጣል። ጠዋት «አዲሱ ባትሪ ተበላሸ» ይባላል።

ራሱን የሚቆርጠው ቢኤምኤስ የሚባለው በውስጡ ያለው ጠባቂ ሰርኩይት ነው። የየሴሉን ቮልቴጅ፣ ሙቀትና ኮረንቲ ይከታተላል። ስለ እሱ ሻጩን በደንብ ይጠይቁ። ከእርስዎ ኮንትሮለር ጋር ይነጋገራል ወይ? በየትኛው ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ቋንቋ)? «ይነጋገራል» ብቻ አይበቃም፤ የኮንትሮለሩን ሞዴል ጠቅሶ ይጻፍልዎት። የመገናኛ ገመዱ ቢቋረጥስ ምን ያደርጋል? ባትሪው እስከ መጨረሻው ወርዶ ቢቆረጥ፣ መብራት ሲመጣ በራሱ ይነቃል ወይስ ሰው ሄዶ ማስነሳት አለበት? ሩቅ ያለ ሳይት ላይ ይቺ ጥያቄ የአንድ ቀን መንገድ ታተርፋለች።

ሲተከልም አምስቱን ሞጁል ከሳጥን አውጥቶ እንዳሉ ማያያዝ አይገባም። አንዱ 30 በመቶ፣ ሌላው 60 በመቶ ላይ ካለ ሲገናኙ ከፍተኛ ኮረንቲ ከአንዱ ወደ አንዱ ይፈስሳል። እያንዳንዱን ለብቻው ሙሉ ቻርጅ አድርጎ፣ ቮልቴጃቸው እኩል መሆኑን ለክቶ፣ ከዚያ ማያያዝ ነው። ከተረፈው ሊድ አሲድ ረድፍ ጋር ማቀላቀል ቢያምርዎት፣ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ኮንቨርተር በውስጡ ያለውንና አምራቹ ለመቀላቀል ነው ያለውን ሞዴል ብቻ ይጠቀሙ። በገመድ ብቻ በቀጥታ አያገናኟቸው።

ሙቀት ሊቲየምንም ያስረጃል፣ የሊድ አሲድን ያህል ባይሆንም። በጣም ሲሞቅ ቢኤምኤሱ ቻርጁን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ደግሞ ቻርጅ ማድረግ ሴሉን ከውስጥ ይጎዳዋል። ስለዚህ ጥላ፣ የአየር መውጫ፣ ንጹሕ ማጣሪያ አሁንም ያስፈልጋሉ። ከሌሎች የሊቲየም ዓይነቶች ኤል ኤፍ ፒ ሙቀት ይችላል፤ አይቃጠልም ማለት ግን አይደለም። ውሃ የገባበትን ወይም የወደቀን ሞጁል «እንሞክረው» ብለው አይሰኩት።

ጄኔሬተሩን ማሳደግ? አያሳድጉት። ባለ 10 ኬቪኤ ነው እንበል፤ 8 ኪሎዋት ገደማ ይሰጣል። 2 ኪሎዋት ብቻ ሲሸከም ሩብ አቅሙ ላይ ነው። በዚህ ጭነት ናፍታው በወጉ አይነድም። ጭስ ማውጫው በጥቁር ዘይት ይሞላል፣ ሞተሩ ያለ ዕድሜው ያረጃል። ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚያቃጥለውም ናፍታ ይበዛል። ከፍ ቢያደርጉት ደግሞ ይብሳል። ሬክቲፋየሩ 6 ኪሎዋት ሲስብ ግን ያው ጄኔሬተር ሦስት አራተኛ አቅሙ ላይ ይሠራል፤ ለሞተሩ የሚመቸው እዚያ ነው። ባትሪው ሲወርድ ይነሳ፣ ሦስት ሰዓት ሠርቶ ሎዱንም ባትሪውንም ይመግብ፣ ይጥፋ። የቀረውን ሰዓት ባትሪው ይሸከማል። የናፍታም የሰርቪስም ወጪ የሚቀንሰው በዚህ ነው። ሶላር ፓነል የሚቆምበት ቦታ ካለዎት እሱም ያግዛል፣ ቀን ቀን የመሙያ ሰዓት ይጨምራል።

ጄኔሬተሩን ከናካቴው ያስወግዱት ማለቴ አይደለም። ኤፕሪል 28 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ስፔንና ፖርቱጋል እኩለ ቀን ላይ መብራት ሲያጡ ታወሮቹ መጀመሪያ በባትሪ ቀጠሉ። ሰዓታት ሲቆጠሩ ግን ባትሪያቸው አልቆ ብዙዎቹ ዝም አሉ። እንዲህ ላለ ቀን ባትሪ ብቻውን አይዘልቅም። የዕለት ተዕለቱን መቆራረጥ ባትሪው ይሸከም፣ ክፉውን ቀን ጄኔሬተሩ።

ባትሪ ሳይጨምሩ ሰዓት የሚያተርፉበት አንድ መንገድ አለ። አብዛኛው ሲስተም ሎዱን በሁለት ደረጃ መቁረጥ ይችላል። መጀመሪያ ብዙ ኃይል የሚበሉት የፈጣን ዳታ ሬዲዮዎች ይቆረጣሉ። ድምፅ የሚያስተላልፈውና ትራንስሚሽኑ (ታወሩን ከቀረው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው) እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። በተለይ ሌሎች ታወሮች በእርስዎ በኩል የሚያልፉ ከሆነ ትራንስሚሽኑ መጨረሻ ላይ ነው መጥፋት ያለበት። እሱ ከጠፋ ከኋላው ያሉት ሁሉ ባትሪያቸው ሞልቶ እያለ አብረው ይጠፋሉ። ኃይሉ በቂ ሆኖ ሰው ስልክ ሳይሠራለት ሲቀር ማየት ያናድደኛል። ስንት ሳይት ላይ ሁለተኛው መቁረጫ ባዶውን ተቀምጦ፣ ሁሉም ሎድ አንዱ ላይ ታጭቆ አይቻለሁ! የመጨረሻውን መቁረጫ ለሊድ አሲድ ከ43.2 በታች አያውርዱት። በአንድ ሴል 1.8 ቮልት ነው። ለሊቲየም ቢኤምኤሱ ከሚቆርጥበት ትንሽ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፣ ቀድሞ የሚቆርጠው ኮንትሮለሩ እንዲሆን።

ስርቆትም አይረሳ። ሊቲየም ቀላል ነው፣ ለሌባም ቀላል ነው። ሲነቃነቅ አላርም የሚያሰማ፣ ከሳይቱ ኮንትሮለር ሲለይ ራሱን የሚቆልፍ ሞዴል አለ። ሲገዙ ይህን በመስፈርቱ ውስጥ ያስገቡ፤ በኋላ መጨመር ከባድ ነው።

የሚነሱትን አሮጌ ባትሪዎች ሜዳ ላይ አያስቀምጡ። ውስጣቸው አሲድና ሊድ ነው። ሊድ አፈርና ውሃ ውስጥ ከገባ የሚጎዳው በዙሪያው የሚጫወተውን ልጅ ነው። ሊድ አሲድ ባትሪ እንደገና ቀልጦ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ በትክክል የሚያቀልጥ ድርጅት ይረከባል። የውል ስምምነትዎ ላይ አዲሱን የሚያመጣው አሮጌውን ይዞ እንዲሄድ ያስጽፉ።

ቀጣዩ እንግዲህ የእርስዎ ነው። የ16ቱን ባትሪ ቮልቴጅ፣ የሬክቲፋየር ሞጁሎቹን ቁጥርና መጠን፣ ሴንሰሩ የት እንደተሰካ፣ የ30 ቀኑንም መዝገብ ይላኩልኝ። ከአራቱ ረድፍ የትኛው እንደሚተርፍ፣ አራት ሞጁል ሬክቲፋየር ይበቃ እንደሆነ ከዚያ ተነስቼ ቁጥር በቁጥር እጽፍልዎታለሁ።